ሳይጠሩት ብቅ የሚል መስኮት

በሞባይል ስልክ የእህል ዋጋ ለማየት አንድ ገጽ ከፈታችሁ እንበል። ወዲያው ሌላ ገጽ ከላዩ ላይ ይደረባል። «ሽልማት ደርሶሃል! እዚህ ንካ!» ይላል። ብቅ ባይ መስኮት የሚባለው ይህ ነው። ሽልማት የሚባለውም ብዙ ጊዜ ውሸት ነው።

ነገሩ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት (በአውሮፓ አቆጣጠር) ኤታን ዙከርማን የተባለ ባለሙያ፣ ማስታወቂያ ከገጹ ጋር እንዳይደባለቅ ብሎ ለብቻው መስኮት የሚከፍት ትእዛዝ ለኮምፒውተር ጻፈ። በ2014 ይቅርታ ጠየቀ። መስኮቱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ታዲያ ማን ይከላከልልናል? ገጾችን የሚከፍትልን ፕሮግራም ብራውዘር ይባላል፤ ክሮም አንዱ ነው። ብራውዘር እንደ በር ጠባቂ ነው። አዲስ መስኮት ልክፈት የሚል ገጽ ሲመጣ፣ ባለቤቱ ስክሪኑን በጣቱ ነክቶ እንደሆነ ያያል። ካልነካ ይከለክላል። አታላዮች ንካ ንካ እያሉ የሚወተውቱን ለዚህ ነው።

የባሰው ሌላ ነው። አንዳንድ ገጽ «ማሳወቂያ ልላክ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዴ «ፍቀድ» ካልን ብራውዘሩ የገጹን ስም መዝግቦ ያስቀምጣል። ነገ ዳግመኛ አይጠይቀንም። ገጹን ዘግተን በሬ ጠምደን እያረስን እንኳ መልእክቱ ይመጣል።

የሰጡትን ፈቃድ መንጠቅ ይቻላል። በክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች ንኩ። «ቅንብሮች»ን፣ ቀጥሎም «የጣቢያ ቅንብሮች»ን ክፈቱ። ከዚያ «ማሳወቂያዎች» በሚለው ስር የተፈቀደላቸው ገጾች ስም ተዘርዝሮ ይገኛል። የማታውቁትን ስም ነክታችሁ አግዱት።