የሲኒ ስብርባሪና የቻይና ነገሥታት

ቡና የምንጠጣበት ዕቃ ሲኒ ይባላል። ስሙ የዐረብ ነው፤ ዐረቦች ቻይናን «ሲን» ይሏታልና፥ ከዚያ የመጣውን የሸክላ ዕቃ «ሲኒ» ብለው ጠሩት፤ ትርጓሜውም ቻይናዊ ማለት ነው። ስለዚህ ጀበና በሚጣድበት ቤት ሁሉ የዚያች ሩቅ አገር ስም ሳይታወቅ ይነሣል። ስሙ ብቻ ሳይሆን ዕቃውም ወደ እኛ ዘንድ ከብዙ ዘመን በፊት እንደ ደረሰ ለማወቅ የሚወድ አንባቢ፥ ከጅጅጋ በስተ ሰሜን ያለውን ምድር ይመልከት።

ጅጅጋ ራሷ ወጣት ከተማ ናት። የዛሬዋን ከተማ ቀይሰው የተከሉ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ይህም በ1916 ገደማ ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ነገር ግን ከርሷ ወደ አውበሬ፥ ቀድሞ ተፈሪ በር ወደ ተባለችው ከተማ፥ ከዚያም ጠረፉን ተሻግሮ ወደ ቦረማ በሚወስደው አገር፥ የድንጋይ ቤቶችና የመስጊዶች ፍርስራሽ በየኰረብታው ይገኛል። በ1930ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያንና የእንግሊዝን ሶማሌ ወሰን ሲያካልሉ ከነበሩት መኰንኖች አንዱ ከርል የሚባለው ሰው እነዚህን ከተሞች እየዞረ ተመልክቶ፥ ያየውን በ1937 አሳትሟል። በፍርስራሾቹ መካከል የመስተዋት አምባርና ዶቃ፥ የግብፅ ሱልጣን የቃይትባይ ገንዘብ፥ ደግሞም አረንጓዴ ቅብ ያለው የቻይና ሸክላ ስባሪ አገኘ። ከዚያ ወዲህ በድሬዳዋ አጠገብ ባለችው በሐርላ ከ2015 ጀምሮ በተደረገው ቍፋሮ፥ ከ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ ጋራ የቻይና ሸክላ፥ የሕንድ ዶቃና ከማልዲቭ ደሴቶች የመጣ ዛጎል ተገኝቷል።

ከዚህ የተነሣ ቻይናዎች እስከ ጅጅጋ ሜዳ መጥተው ነበር የሚል ሰው ቢኖር ፍርዱ የቸኰለ ነው። ሳሕኑ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ መጣ እንጂ ሠሪው ከአገሩ አልወጣም። ቻይናዊው ለሕንዱ፥ ሕንዱ ለዐረቡ፥ ዐረቡ ለዘይላና ለበርበራ ነጋዴ ሸጠው፤ ከዚያ በኋላ ግመል ተሸክሞት ወደ ደጋው ወጣ። ይህን ሁሉ መንገድ ሳይሰበር ተጕዞ ከባለቤቱ ቤት ከደረሰ በኋላ መሰበሩ ያስገርማል። ስባሪው በወደቀበት ስፍራ ሳለ የከተማይቱን ዘመን ይናገራል፤ ከድንጋዩ ጋራ ተለቅሞ ለአጥር ማሠሪያ የተወሰደ እንደ ሆነ ግን ዲዳ ይሆናል።

ከዚህ ዐይነት ዕቃ ብዙው የሚሠራው በደቡብ ምሥራቅ ቻይና በሎንግቹዋን ነበረ። ጭቃው ነጣ ያለ ነው፤ በላዩ የሚቀባውም ቅብ ጥቂት ብረት አለበት። ምድጃው በተራራ ጥግ ላይ እንደ እባብ ተጋድሞ ስለሚሠራ ዘንዶ ይሉታል። እሳቱ ከ1,200 ዲግሪ በላይ ከጋመ በኋላ አየር እንዲያንሰው ይደረጋል፤ ያን ጊዜ ቅቡ ቡናማ መሆኑ ቀርቶ እንደ ለጋ ቅጠል አረንጓዴ ይሆናል። የሠሪው ስም ግን በሳሕኑ ላይ አልተጻፈም።

ይህን ዕቃ የሠራው ሕዝብ በምን ዐይነት ሕግ ይገዛ ነበር? በእኛ አገር ነገሥታት ዘራቸውን ከሰሎሞን ይቈጥሩ ነበር። የቻይና ነገሥታት ግን ከዘር ይልቅ አደራን ይጠቅሱ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1046 ገደማ የጆው ነገሥታት የሻንግን መንግሥት በጣሉ ጊዜ፥ ሰማይ ለሻንግ የሰጠውን አደራ ስለ ክፋታቸው ነሥቶ ለእኛ ሰጠን አሉ። ከዚያ ጀምሮ ይህ አሳብ የመንግሥት ሁሉ መሠረት ሆነ። ረኃብና የወንዝ ሙላት በበዛ ጊዜ ሕዝቡ «አደራው ከንጉሡ ተወስዶ ይሆን?» ብሎ ይጠራጠር ነበር። ስለዚህም የሚንግን መንግሥት በ1368 ያቆመው ሰው ወላጆቹ በችግር ዘመን የሞቱበት የገበሬ ልጅ ሲሆን፥ ዘሩን የጠየቀው አልነበረም። ድል ያደረገ ሁሉ አደራው የኔ ነው ለማለት መቻሉ የዚህ አሳብ ድካም ነው፤ ይሁን እንጂ ንጉሥን በሥራው መመዘን ማስተማሩ ትልቅ ነገር ነው።

የጆው መንግሥት ደክሞ መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው በተዋጉ ጊዜ ሊቃውንት ተነሡ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ551 እስከ 479 የኖረው ኮንፉሲዩስ፥ መንግሥት የሚጸናው በገዢው ምግባርና በትምህርት ነው፤ ልጅ ለአባቱ፥ አባትም ለልጁ የሚገባውን ቢያደርግ አገር ይቀናል ብሎ አስተማረ። ላኦዚ የተባለው ደግሞ የገዢ ጣልቃ መግባት ሲበዛ ሕዝብ ይታወካል፤ ውሃ ለስላሳ ሲሆን ድንጋይን እንደሚበላ፥ ትሕትናም ኀይልን ያሸንፋል የሚለው ትምህርት አባት ነው ይባላል። ሃን ፌይ ግን በሁለቱም ሣቀ፤ ሰው ጥቅምን ይወዳል ቅጣትንም ይፈራልና፥ መንግሥት የሚያስፈልገው ሽልማትና ቅጣት ብቻ ነው አለ።

የሃን ፌይን ምክር የተከተለ የቺን ንጉሥ በ221 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ቻይናን ሁሉ አንድ አደረገ። ፊደልንና ሚዛንን፥ የሠረገላንም ጐማ ስፋት ሳይቀር አስተካከለ፤ በ213 ደግሞ የሊቃውንቱን መጻሕፍት አቃጠለ። መንግሥቱ በ15 ዓመት ፈረሰ። ከርሱ በኋላ የተነሡት የሃን ነገሥታት የኮንፉሲዩስን ትምህርት አክብረው 400 ዓመት ያህል ገዙ። ብዙ መምህራን ይህን ሲያስተምሩ በዚህ ይቆማሉ፤ ታሪኩ ግን ይህን ያህል የቀና አይደለም፤ ሃኖች የቺንን ሕግና የአገዛዝ ሥርዐት አብዛኛውን ሳይለውጡ ይዘውት ነበርና። አዲስ ያደረጉት ሕጉን የሚያስፈጽም ሹም መጽሐፍ የተማረ እንዲሆን መሻታቸው ነው። ቆይቶም ሹመት በፈተና ሆነ፤ ፈተናው እስከ 1905 ጸና። ዘውዱ ራሱ ከዚያ የተረፈው ሰባት ዓመት ብቻ ነው፤ በ1912 የስድስት ዓመት ሕፃን ከነበረው ከመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ጋራ አለፈ።

የእኛን ጠረፍ የሚነካ ወሬ በቻይና መጽሐፍ የተገኘው በታንግ መንግሥት (618–907) ነው። በ863 የሞተው ዱዋን ቼንግሺ፥ ከሰው የሰማውን ሲጽፍ፥ ቦባሊ በምትባል አገር ሰዎች የከብት ደም ከወተት ጋራ እንደሚጠጡ፥ የዝሆን ጥርስና ዐንበር እንደሚሸጡ ተናገረ። ዐንበር ከዓሣ ነባሪ ሆድ የሚወጣ ሽቱ ነው። ሊቃውንት ይህች አገር የበርበራ ጠረፍ ናት ይላሉ።

ከታንግ በኋላ የሱንግ ነገሥታት (960–1279) ሰሜኑን ለጠላት ስለ ለቀቁ የየብስ መንገድ ጠበበባቸው፤ ፊታቸውንም ወደ ባሕር መለሱ። ከባሕር ንግድ የሚገኘው ቀረጥ የመንግሥታቸው ደጋፊ ሆነ፤ ዕጣንም ከሚቀረጠው ዕቃ ዋነኛው ነበረ። ዕጣን በሶማሌ ጠረፍ ተራራ የሚበቅል፥ ከርቤም እስከ ኦጋዴን ድረስ የሚለቀም ስለ ሆነ፥ የአገራችን ግመል ነጂና የቻይና ቀረጥ ተቀባይ ሳይተያዩ በአንድ ንግድ ይኖሩ ነበር። ጃው ሩጓ በቹዋንጆ ወደብ የባሕር ንግድ ሹም ሳለ፥ በ1225 ገደማ ከነጋዴዎች እየጠየቀ መጽሐፍ ጻፈ። ቢፓሎ ስለሚላት አገርም፥ አራት ከተሞች እንዳሏት፥ ሰዎቿ ቡድሃን ሳይሆን ሰማይን እንደሚያመልኩ፥ ግመልና በግ እንደሚያረቡ፥ ሰጐንና ቀጭኔ በምድራቸው እንደሚገኙ ጻፈ። ከቢሮው ሳይነሣ ይህን ያህል ማወቁ የሚመሰገን ነው፤ ኮንፉሲዩስ ሹም ሁሉ ጠይቆ የሚማር ይሁን ያለው በርሱ ተፈጸመ።

ሞንጎሎች የሱንግን መንግሥት ጥለው ከገዙ በኋላ የሚንግ ዘመን መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ዮንግሌ፥ ዜንግ ሄ የሚባለውን ጃንደረባ የመርከብ ሠራዊት አለቃ አደረገው። ዜንግ ሄ ከዩናን አውራጃ የእስላም ወገን ልጅ ነበረ፤ በልጅነቱ በጦርነት ተማርኮ ተሰለበ። ከ1405 እስከ 1433 ሰባት ጊዜ ዘመቻ አደረጉ፤ ከአምስተኛው ዘመቻ (1417–1419) ጀምሮም መርከቦቹ ወደ መቋዲሾና ወደ ባራዋ ደረሱ። የመጡት አገር ለመያዝ ሳይሆን፥ የየአገሩ ገዢ የንጉሠ ነገሥታቸውን ታላቅነት አምኖ ገጸ በረከት እንዲልክ ነው።

በ1414 የቤንጋል ገዢ ቀጭኔ ሰደደ፤ በ1415 ከማሊንዲ ሌላ መጣ። በቻይና ተረት ጻድቅ ንጉሥ በነገሠ ጊዜ ብቻ የሚታይ ቺሊን የሚባል እንስሳ አለ። የሶማሌ ልጆች ቀጭኔን «ገሪ» እንደሚሉት ያውቃሉ፤ ቻይናዎችም ይህን ስም ሰምተው ቺሊን መስሏቸው ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ሹማምቱ ደስ ብሏቸው የምስጋና ጽሑፍ ሊያቀርቡ ፈቃድ ቢለምኑ፥ ዮንግሌ ምስጋናው ይቅር፤ ዓለም በሰላም ካደረ ቺሊን ባይመጣም የሚጐድል የለም የሚል መልስ ሰጠ። ይህ መልስ ለሚወደስ ገዢ የሚከብድ ነው። ነገር ግን እርሱ ራሱ መርከቦቹን፥ የቤጂንግን አዲስ ቤተ መንግሥትና የሰሜኑን ጦርነት በአንድ ጊዜ በገበሬው ጫንቃ ላይ ጭኖ ነበር።

ዮንግሌ በ1424 ሞተ። በፈተና የተሾሙት የኮንፉሲዩስ ተማሮች ይህ ሁሉ ወጪ ለምንድር ነው፤ ከእንስሳና ከሽቱ ይልቅ የገበሬው እህል ይበልጣል አሉ። ከ1433 በኋላ መርከቦቹ ቀሩ። ሹማምቱ ስለ ወጪው እውነት ተናግረዋል ብዬ አምናለሁ፤ አደራ የተቀበለ መንግሥት መዠመሪያ የሚጠየቀው ስለ ሕዝቡ ዳቦ ነውና። የተሳሳቱበት ሌላ ነው። ከ1371 ጀምሮ ነጋዴ በራሱ ገንዘብ ወደ ባሕር እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግ ነበረ፤ የንጉሡን መርከብ ሲያስቀሩ የድኻውን ጀልባ አልፈቱለትም። ስለዚህ ከገበሬው ጫንቃ ግብሩ ቢቀልም፥ የጠረፍ ሰው ኮንትሮባንድ ነጋዴና ወንበዴ ሆነ፤ ከሰማይ አደራ የተቀበለ መንግሥት የራሱን ሰው በባሕር ዳር ሲያድን ኖረ።

ሕጉ የላላው በ1567 ነው። የቻይና ነጋዴዎች በፈቃድ ወደ ባሕር በወጡ ጊዜ ግን፥ አረንጓዴውን ሳሕን ገዝተው ይበሉበት ከነበሩት ከአውበሬ እስከ ቦረማ ካሉት ከተሞች ብዙዎቹ፥ በዚያው በ16ኛው መቶ ዓመት በጦርነትና በችግር ተፈትተው፥ በግድግዳቸው መካከል ግመል ይሰማራ ጀመር።