ተጨማሪ መረጃ፦ ጉሹ ጠላ እንዴት ይጠራል?

በካልጋሪ ደቡብ ምሥራቅ፣ በዶቨር ሰፈር ጠላ ለሚጠምቅ ሰው ብርዱ ትልቅ አጋዥ ነው። ድፍድፉ ውሃ ተጨምሮበት ሲፈላ እርሾው፣ የብቅሉና የጌሾው ብናኝ እየተንሳፈፉ ጠላውን ጉሽ ያደርጉታል። መፍላቱ ሲያቆም ዕቃውን ወደ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ቅዝቃዜ ማሳረፍ ነው፤ እርሾው እርስ በርሱ ተያይዞ ይከብድና አተላ ሆኖ ይዘቅጣል። ከላይ የጠለለው ሲቀዳ አንዴ ያዘነበሉትን ዕቃ መልሶ ቀና ማድረግ አተላውን ይቀሰቅሰዋል፤ ስለዚህ በቀስታ፣ ሳያቋርጡ መገልበጥ ይሻላል። በበረዶው ወራት ግን ደጅ ማሳደር አይገባም፤ ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ስለሚሰፋ ዕቃውን ሊሰነጥቀው ይችላል። መፍላቱን ያልጨረሰ ጠላም በጠርሙስ ጥርቅም ተደርጎ ከታሸገ በጋዙ ግፊት ሊፈነዳ ይችላል። ካልጋሪ በምትገኝበት በአልበርታ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ማለትም 18 ዓመት የሞላው ሰው ለቤቱ ፍጆታ መጥመቅ ይችላል፤ ያለ ፈቃድ መሸጥ ክልክል ነው።