«ደረቅ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ክረምት በአንድ ሆቴል በአስተናጋጅነት ስሠራ የገጠመኝ ነገር ነው። ዕድሜያቸው ጠና ያለ አንድ እንግዳ ቀይ ወይን አዘዙና «ምን ዓይነት ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም የጠርሙሱን ጽሑፍ ተርጉሜ «ደረቅ ነው ጋሼ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። አንዴ ጎንጨት ሲሉ ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ «ይሄማ ኮምጥጧል፣ መልሰው!» አሉኝ። የተከፈተ ጠርሙስ ስለማይሸጥ ዋጋው ከደመወዜ ተቆረጠ።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? እንደ እኔ ግምት ጥፋቱ የቃሉ ነው። በጠጅ ቤት ቋንቋ ጠጅ «ደረቅ»፣ «መካከለኛ» እና «ለስላሳ» ይባላል። ደረቅ ከተባለ ኃይለኛ ነው፤ ቶሎ ሞቅ ያደርጋል። ለስላሳው ደግሞ ጣፈጥ የሚለው ነው። እንግዳዬም የጠበቁት የሚያሞቅ መጠጥ ነበር።

በወይን ዘንድ ግን «ደረቅ» የሚናገረው ስለ ኃይሉ ሳይሆን ስለ ስኳሩ ነው። እርሾ የወይኑን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ስኳሩ አልቆ በሊትር 4 ግራም ወይም ከዚያ በታች ሲቀር ወይኑ ደረቅ ይባላል። በጠጅም ቢሆን ነገሩ ያው ነው፤ ደረቅ ጠጅ የሚበረታው የማሩ ስኳር ስለተበላ ነው። ልዩነቱ ጣፋጭ ሆኖ በጣም ኃይለኛ የሆነ ወይን መኖሩ ነው። ለምሳሌ የፖርቱጋሉ ፖርት በጣም ጣፋጭ ቢሆንም አልኮሉ 20 በመቶ ገደማ ይደርሳል።

ሌላው ነገር አፍ መያዙ ነው። ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚወጣው ታኒን ያለ ስኳር እንደተጠጣ ወፍራም ሻይ ምላስን ይይዛል። ብዙዎቻችን ደግሞ ወይንን የምናውቀው እንደ አክሱሚት ባሉት ጣፋጮች ነው። ስሙም ራሱ «ወይን ጠጅ» ስለሆነ ጣፋጭ ብንጠብቅ አይገርምም።

«እኔ ወይን አላውቅም» ብለው የሚያፍሩ ሰዎች አሉ። ማፈር ግን አያስፈልግም። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ የፈረንሳይ ቦርዶ ጥናት፣ የወይን ሙያ የሚማሩ 54 ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው ሽታውን የገለጹት በቀይ ወይን ቃላት ነው። የተማረውንም ዓይኑ ያታልለዋል ማለት ነው። በካሊፎርኒያ ዴቪስ ያስተማሩት አን ኖብል በ1984 እ.ኤ.አ. የወይን ሽታዎችን በክብ ሰሌዳ ሲያዘጋጁም «ምርጥ»፣ «ግሩም» የሚሉትን ትተው ሰው በአፍንጫው የሚያውቃቸውን ነገሮች ነው የመረጡት። እኛስ ብንሆን አጋም፣ ዘቢብ፣ ጤና አዳም፣ በወይራ የታጠነ እንስራ የሚሉ ቃላት ሞልተውን የለም እንዴ?

እኔ ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲጠይቀኝ «ደረቅ» ብዬ አላቆምም። «ስኳር የለውም፣ ኮምጠጥ ይላል፣ አፍ ይይዛል፣ ከጥብስ ጋር ይስማማል፤ ጣፋጭ ከፈለጉም አለ» እላለሁ። ቃሉ ረዘም ይላል፤ ነገር ግን እስከ ክረምቱ መጨረሻ የተመለሰብኝ ጠርሙስ የለም።