ካሬ ያልሆነው ፒክስል

በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሚጋ ወይም በአይቢኤም ኮምፒውተር የተሣለ ሥዕል ዛሬ በላፕቶፕ ሲከፈት አንድ ነገር ቅር ያሰኛል። ሰዎቹ አጠር፣ ደልደል ብለዋል። ሙሉዋ ጨረቃ ወደ ጎን ተለጥጣ ሞላላ ሆናለች። የሠረገላው ጎማ የሚንከባለል አይመስልም። ተመልካቹ «ሠዓሊው ልኬት አያውቅም» ብሎ ያልፋል። ፍርዱ ትክክል አይደለም። ሠዓሊው ፊት በነበረው ስክሪን ላይ ጨረቃዋ ድቡልቡል ነበረች፤ የተለወጠው የፒክስሉ ቅርጽ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፒክስል ዲጂታል ሥዕል የሚገነባባት ትንሿ ነጥብ ናት። ዛሬ በስልካችንም በላፕቶፓችንም ላይ ወርዷና ቁመቷ እኩል ስለሆነ፣ ከጥንት ጀምሮ ካሬ የነበረች ይመስለናል። ጥለት የሚያወጣ ሸማኔ ግን ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፦ ድሩና ማጉ እኩል ካልጠበቁ፣ በቁጥር አሥር በአሥር የተሠራው ጥለት ሸማው ላይ ካሬ ሆኖ አይወጣም።

የዚያ ዘመን ሞኒተር እንደ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ወርዱ 4 እጅ ከሆነ ቁመቱ 3 እጅ ነበር። በጣም የተለመደው የሥዕል መጠን ደግሞ 320 በ200 ፒክስል ነው። 320 ለ4 ሲካፈል 80 ይሆናል፤ 200 ለ3 ሲካፈል ግን 67 ገደማ ነው። ወደ ጎን 80 ፒክስል በሚታጨቅበት ርዝመት፣ ወደ ታች የሚደረደረው 67 ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ፒክስል ቁመት ከወርዱ በ20 በመቶ ይበልጣል። በዚህ ስክሪን ላይ ቁመቱ 50 ፒክስል የሆነ ክብ መሣል የሚፈልግ ሰው ወርዱን 60 ማድረግ ነበረበት። አንድ ፒክስል ወደ ጎን፣ አንድ ፒክስል ወደ ላይ እያለ የሚሄድ መስመርም 45 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ ወደ 50 ዲግሪ ቀና ይላል።

መሐንዲሶቹ ይህን ያደረጉት በቸልተኝነት አልነበረም። ሜሞሪ ውድ ነበር። አይቢኤም በ1981 ያወጣው ሲጂኤ የተባለው የሥዕል ካርድ 16 ኪሎባይት ሜሞሪ ነበረው፤ 320 በ200 የሆነ ባለ 4 ቀለም ሥዕል 16,000 ባይት ስለሚፈጅ ልክክ ብሎ ገባበት። በ1987 በመጣው ቪጂኤ ቀለሙ 256 ሲደርስ እያንዳንዱ ፒክስል አንድ ሙሉ ባይት ወሰደ፤ ድምሩም 64,000 ባይት ሆነ። ዶስ በተባለው ስርዓተ ክወና ሥር የኢንቴል ፕሮሰሰር ሜሞሪን የሚያየው እያንዳንዳቸው 65,536 ባይት በሆኑ ክፍሎች ነው። ሥዕሉ በአንድ ክፍል ውስጥ በሙሉ ተቀመጠ፣ ፕሮግራም ጸሐፊውም ተገላገለ። 320 በ240 ቢሆን ኖሮ ፒክስሉ ካሬ በሆነ ነበር፤ ነገር ግን 76,800 ባይት ስለሚጠይቅ ከክፍሉ ተርፎ ይፈስሳል። ፕሮግራም ጸሐፊው ማይክል አብራሽ በ1991 «ሞድ ኤክስ» ብሎ ያስተዋወቀው ዘዴ ይህን ችግር አልፎ 320 በ240ን አስገኝቷል። አሠራሩ ግን ውስብስብ ስለነበረ ብዙዎች በቀላሉ መንገድ ቀጠሉ።

የአሚጋ ምክንያት ሌላ ነው። ኮሞዶር በ1985 ያወጣው ይህ ኮምፒውተር ከቤት ቴሌቪዥን ጋር እንዲግባባ ታስቦ ስለተሠራ፣ ፒክስሎቹን የሚያወጣበት ፍጥነት ከቴሌቪዥኑ የቀለም ምልክት ጋር የተቆራኘ ነው። በአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ሥርዓት 200 መስመር፣ በአውሮፓው ፓል ደግሞ 256 መስመር ያሳያል። ፓል የእኛም አገር ቴሌቪዥን ለዘመናት የሠራበት ሥርዓት ነው። በፓል ስክሪን ላይ የአሚጋ ፒክስል ካሬ ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ በአሜሪካው ላይ ግን ቀጥ ብሎ ይረዝማል። አሜሪካ ውስጥ በ200 መስመር የተሣለ ሥዕል አውሮፓ ሲደርስ ቁመቱ ተጨፍልቆ፣ ከሥሩ ባዶ ጥቁር ቦታ ትቶ ይታይ ነበር። አንድ ፋይል በአንድ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ፣ ባሕር በመሻገሩ ብቻ መልኩን ለወጠ።

መዛባቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልነበረም። ኮሞዶር 64 የተባለው ኮምፒውተር ብዙ ቀለም ሲፈለግበት ስክሪኑን ወደ 160 በ200 ስለሚያወርደው፣ ፒክስሉ ወደ ጎን በእጥፍ ይሰፋ ነበር። አሚጋም በ640 በ200 ሲሠራ ፒክስሉ ቀጭን ስንጥር ይሆናል። ከሁሉም የተለየው በ1984 የወጣው የአፕል ማኪንቶሽ ነው። ስክሪኑ 512 በ342፣ ፒክስሉ ካሬ፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 72 ነጥብ ነበር። ቢል አትኪንሰን የጻፈው ማክፔይንት የተባለው የሥዕል ፕሮግራም ክብን ክብ አድርጎ ያወጣው ያለ ምንም ማካካሻ ነው። ዋጋው ደግሞ ቀለም አልባ መሆን ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ።

በቀለሙ ዓለም የነገሠው ዴሉክስ ፔይንት ነው። ዳን ሲልቫ ጽፎት ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ1985 ለአሚጋ አሳተመው፤ የዘመኑ የጌም ሠዓሊዎች ዋና መሣሪያም ሆነ። ፕሮግራሙ ችግሩን ያውቀው ነበር። ከምርጫዎቹ መካከል «ቢ ስኩዌር» የሚል ነበረበት፤ ሲበራ የፒክስሉን መዛባት ያካክሳል። ሆኖም ማካካሻ ሁሉን አይፈታም። ቆርጠው የያዙትን የሥዕል ቁራጭ 90 ዲግሪ ቢያዞሩት፣ ወርድ የነበረው ፒክስል ቁመት ይሆናል፤ ቆሞ የተሣለው ሰው ሲጋደም ቁመናው ይለወጣል። ስለዚህ ጎበዝ ሠዓሊ የተጋደመውን እንደገና በእጁ ያርመዋል፣ ወይም ከነአካቴው አዲስ ይሥላል። ያን ያህል የተደከመበትን ልኬት ነው ዛሬ በአንድ ጠቅታ የምናበላሸው።

ኤሌክትሮኒክ አርትስ ከዴሉክስ ፔይንት ጋር ያዘጋጀው ኢልቢኤም የሚባለው የፋይል ዓይነት የፒክስሉን ወርድና ቁመት የሚመዘግቡ ሁለት ባይቶች አሉት። ለ320 በ200 የተለመደው ምዝገባ 10 ለ11 ነው። ቁጥሩ ግምታዊ ነበር፤ ሞኒተሮቹ ላይ የምስሉን ወርድና ቁመት የሚያስተካክሉ የሚዞሩ ቁልፎች ስለነበሩ የሁሉም ሰው ስክሪን አንድ አልነበረም። በ1989 የተሻሻለው ጂአይኤፍም፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ፒኤንጂም ለዚሁ ጉዳይ ቦታ አላቸው። የሚያሳዝነው፣ ብዙዎቹ የምስል ማሳያ ፕሮግራሞች ያንን ቦታ ሳያነብቡ ሁሉን ፒክስል ካሬ አድርገው ማሳየታቸው ነው። የአሮጌ ጌም ወዳጆች የተሻለ ይጠነቀቃሉ። በ1993 የወጣው ዱም የተሠራው በ320 በ200 ነው፤ ዛሬ የሚያጫውተው ቾኮሌት ዱም የምስሉን ቁመት ወደ ጥንቱ የሚመልስ ምርጫ አለው፤ የዶስ ፕሮግራሞችን የሚያስኬደው ዶስቦክስም እንዲሁ።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። የዘመኑ ሥዕሎች ሁሉ በማካካሻ የተሣሉ አይደሉም። ካሬ ፒክስል ባለው ማሽን ተሠርተው የተገለበጡ አሉ፤ ከፎቶግራፍ ተቀድተው ሳይስተካከሉ የቀሩም አሉ፤ በአንድ ጌም ውስጥ ሁለቱም ዓይነት የሚደባለቁበት ጊዜ አለ። ዳኛው በሥዕሉ ውስጥ ያለው ክብ ነገር ነው፦ ጨረቃ፣ ሳንቲም፣ የሰዓት ፊት፣ ጎማ። በካሬ ፒክስል ሲታይ ወደ ጎን የሰፋ ከሆነ ሠዓሊው አካክሶ ሥሎታል፤ ቁመቱ ሊመለስለት ይገባል።

አሮጌ የኮምፒውተር ሥዕል በመጽሔት፣ በመጽሐፍ ወይም በኤግዚቢሽን የምታቀርቡ ሁሉ፣ ዋናውን ፋይል ሳትነኩ ቅጂውን አስተካክሉ። ቁመቱን ከ200 ወደ 240 ብቻ አትለጥጡት፤ ከአምስቱ ረድፍ አንዱ ተደግሞ መስመሩ ይጎረብጣል። ጠርዝ የሚያለሰልሰውን ማጣሪያ አጥፍታችሁ ወርዱን 5 እጥፍ፣ ቁመቱን 6 እጥፍ አድርጉት፤ 320 በ200 የነበረው ልክ 1600 በ1200 ይሆናል፣ አንድም ረድፍ ከሌላው አይበልጥም። ከሥሩም የተሣለበትን ማሽን፣ የስክሪኑን መጠንና የፒክስሉን ልኬት ጻፉ።