ጥፋቱ የስፒከሩ ነው ወይስ የሳሎኑ?

ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ጫኖ ሲደርሱ ግራና ቀኙ ሙዝና ማንጎ ነው። የእህቴ ቤት የሙዝ መኪኖች ቆመው ከሚጭኑበት ቦታ ብዙም አይርቅም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልጠይቃቸው ስሄድ ባልና ሚስት ተኳርፈው ደረስኩ። አማቼ ከሙዝ ሽያጭ ባጠራቀመው ብር ለመስቀል አዲስ ሆም ቲያትር ካልገዛሁ ብሏል። እህቴ ደግሞ የሦስት ልጆች ዩኒፎርምና ደብተር ሳይሟላ ከዚያ ብር ላይ አምስት ሳንቲም አትነካም ብላለች። መስቀል ጋሞ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ የአማቼ ጉጉት አይገርምም። ዘመድ ከየከተማው የሚሰበሰበው ያኔ ነው፤ ቤትን አሳምሮ መጠበቅም ወግ ነው።

አሮጌው ማሽን አምስት ትንንሽ ስፒከርና አንድ ትልቅ ቤዝ ያለው ነው። አማቼ “ቤዙ ሞቷል፣ የኋላዎቹም አይሰሙም” ይላል። ከሁሉ ይበልጥ የከነከነኝ ግን የእናቱ ቅሬታ ነው። ጆሯቸው ትንሽ ደከም ብሏል። “ሙዚቃው ይጮኻል፣ ሰዎቹ ያንሾካሽካሉ” አሉኝ። ድራማ ሲጀመር ወንበራቸውን ይዘው ደጅ መውጣት ከጀመሩ ቆይተዋል።

ማሽን መነካካት ስለምወድ ሁለት ቀን ስጡኝ አልኳቸው።

መጀመሪያ የፈለግሁት የመሃሉን ስፒከር ነው። አምስት ስፒከር ባለው ሥርዓት የተዋናዮቹ ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከቴሌቪዥኑ ሥር ከሚቀመጠው ከዚህ ስፒከር ነው። የጎኖቹ ለሙዚቃና ለአካባቢ ድምፅ፣ የኋላዎቹ ለዝናብ፣ ለመኪና፣ ለስታዲየም ጩኸት ናቸው። የእህቴን የመሃል ስፒከር ያገኘሁት ቡፌው ውስጥ፣ ከስኒዎቹ ጀርባ፣ ዳንቴል ለብሶ ነው! ዳንቴሉ እንኳ ብዙ ጉዳት የለውም፤ መስታወቱና ስኒዎቹ ናቸው ንግግሩን ያፈኑት። አውጥቼ ከቴሌቪዥኑ ፊት አደረግሁት፤ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ሸጉጬም ፊቱን ወደ ተቀማጮቹ ጆሮ ቀና አደረግሁት።

እንደዚያም ሆኖ ድምፅ አልወጣውም። ቀጥሎ ያየሁት ሽቦውን ነው። የዲሽ ሪሲቨሩ ከማሽኑ ጋር የተገናኘው በተለመዱት ቀይና ነጭ ገመዶች ነው። እነዚህ የሚያሳልፉት የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ነው። ማሽኑ “ስቴሪዮ” ላይ ከተቀመጠ መሃሉና ኋላዎቹ ዝም ቢሉ አይፈረድባቸውም። በሪሞቱ “ፕሮ ሎጂክ” የሚለውን መረጥኩ። ይህ ማሽኑ ሁለቱን ድምፆች አመዛዝኖ ለሁለቱም የጋራ የሆነውን፣ በተለይ ንግግሩን፣ ወደ መሃል እንዲልክ ያደርገዋል። የመሃሉን ስፒከር መጠን ደግሞ ለብቻው ሦስት ነጥብ ከፍ አደረግሁት። ዜና ከፈትን። የአማቼ እናት ከደጅ ሆነው “ማነው እሱ?” አሉ፤ ሰው የመጣ መስሏቸው።

ለዚህ ሁሉ ያወጣነው ገንዘብ የለም። የእናንተ ሪሲቨርና ማሽን ኦፕቲካል መሰኪያ ካላቸው ገመዱን መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን ጣቢያው የሚያስተላልፈው ሁለት ድምፅ ብቻ ከሆነ ገመዱ አምስት አያደርገውም። ለዜናና ለድራማ ብቻ ከሆነ እኔ ባልገዛው እመርጣለሁ።

በማግስቱ ቤዙን ይዘን ሲቀላ ወረድን። የክቡን ወረቀት ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው የስፖንጅ ጠርዝ በሙቀትና በዕድሜ ብዛት እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈርፍሮ ነበር። ይህ ሲሆን ቤዙ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይመታም፤ ብዙ ሰው ተቃጠለ ብሎ የሚጥለውም ያኔ ነው። ጠርዙ ግን ይቀየራል። ጠጋኙ ልኩን አግኝቶ በማጣበቂያ ለጠፈው፤ ሳይከፈት አንድ ሌሊት እንዲያድርም አዘዘን። ሙሉ ስፒከር መቀየር ካስፈለገ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የኦም ቁጥር ይመልከቱ። 8 ኦም በነበረበት 4 ኦም ቢያስገቡ ማሽኑ ከአቅሙ በላይ እየገፋ ይግላል፤ መጨረሻውም መቃጠል ነው።

እግረ መንገዳችንን አማቼ ያሰበውን አዲስ ማሽን አየን። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 12,000 ዋት ይላል። አዙሬ የጀርባውን ምልክት ሳነብ የሚበላው ኤሌክትሪክ 90 ዋት ነው። ከመስመሩ 90 ዋት የሚወስድ ማሽን 12,000 ዋት ከየት ያመጣል? ያ ቁጥር ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚሉት የማስታወቂያ ቁጥር ነው። ሲገዙ አር.ኤም.ኤስ. የሚለውን ይጠይቁ፤ ካልተጻፈ የጀርባውን ያንብቡ። አማቼ ካርቶኑን መልሶ አስቀመጠው፤ ኩርፊያው ወደ ሻጩ ዞረ።

አሁን ወደ ሳሎኑ ልግባ፤ ለእኔ ትልቁ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ወለሉ ሊሾ፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። መሃል ቆሜ አንዴ ሳጨበጭብ ድምፁ እንደ ባዶ በርሜል ተመለሰ። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ከስፒከሩ የወጣው ቃል ከግድግዳ ተመልሶ በሚቀጥለው ቃል ላይ ይወድቃል፤ ጆሮው ለደከመ ሰው ደግሞ ይህ ከሁሉ የባሰ ነው። ድምፅ መጨመር አይረዳም፤ የሚመለሰውም አብሮ ይጨምራልና። በጭቃ ተመርጎ ሳር የለበሰ የድሮ ቤት በዚህ ረገድ ይሻላል ብል እህቴ ሳቀችብኝ።

ማስተጋባቱን የሚቀንሰው ወፍራምና ለስላሳ ነገር ነው። ነጠላና ስስ መጋረጃ ብዙም አይሠሩም። ሸማኔዎቹ ዶርዜዎች ካሉበት አገር ሆኖ ግን ወፍራም ነገር መፈለግ አያደክምም። እህቴ ሳጥን ውስጥ ያረጀ ቡልኮ ነበራት። ከስፒከሮቹ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ በእንጨት ዘንግ ሰቀልነው፤ ግድግዳው ላይ ሳይለጠፍ አራት ጣት ያህል ራቅ ብሎ እንዲንጠለጠል አደረግን። ከግድግዳ የራቀ ጨርቅ ከተለጠፈው ይልቅ ዝቅ ያለውንም ድምፅ ይይዛል። መሃል ላይ ምንጣፍ ዘረጋን፤ መስኮቱን በድርብ ጋቢ ጋረድን። እንደገና ሳጨበጭብ ያ የበርሜል ድምፅ ጠፍቷል። ቡልኮው ባይኖር አዲስ ግዙ አልልም ነበር፤ ቡልኮ ርካሽ አይደለም። የተደራረበ አሮጌ ብርድ ልብስም ያንኑ ይሠራል።

የኋላ ስፒከሮቹን አማቼ ጣሪያው ሥር ማዕዘን ላይ ቸንክሯቸው ነበር። ከተቀማጩ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከጆሮ ጥቂት ከፍ ብለው ቢሆኑ ይሻላል። ሲወርዱ የድሮው ሽቦ ስላልደረሰ 14 ሜትር ድርብ ገመድ ገዛን። ለዚህ ርቀት 1.5 የሚባለው ይበቃል። ስናገናኝም አንደኛው የፊት ስፒከር ቀይና ጥቁሩ ተገላብጦ አገኘሁት። እንዲህ ሲሆን አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙም ይሳሳል።

ለቤዙ ቦታ ማግኛ ልጆች የሚወዱት ዘዴ አለ። ቤዙን እርስዎ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ያድርጉና ዘፈን ይክፈቱ፤ ከዚያ በግድግዳው ዳር ዳር ጎንበስ ብለው ይዙሩ። ድምፁ ሳያጓራ ሞልቶ የሚሰማበት ቦታ የቤዙ ቦታ ነው። ማዕዘን ላይ ሁልጊዜ ይገዝፋል፤ ቆርቆሮውንም ያንቀጠቅጣል።

መብራት ሲጠፋ ግን ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ። ብዙውን የሚያቃጥለው ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው። ከተመለሰም በኋላ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ።

ጥገናው፣ ገመዱና ዘንጉ ተደምሮ 2,000 ብር አልሞላም። ዩኒፎርሙ ተገዛ። አንድ ነገር ብቻ አልቻልንም፤ ሳሎኑ ኮርኒስ የለውም። ሁለተኛው ቀን ማታ ድራማው መሃል ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ የመሃሉም የኋላውም ስፒከር ጠፋ። አማቼ ለሚቀጥለው ሙዝ ኮርኒስ አቀደ። እናቱ ግን ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ፣ ያመለጣቸውን ክፍል ልጆቹን ይጠይቁ ነበር።