ያውቁ ኖሯል? ፎይል በአቃቂ ነፋስ

ያውቁ ኖሯል? ዊንድሰርፍ የሚባለው ባለ ሸራ ሰሌዳ ዛሬ ውኃ ሳይነካ ይበራል። ከሥሩ አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቋሚ ይገጠማል፤ ከቋሚው ጫፍ ደግሞ የፊትና የኋላ ክንፍ ያለው ትንሽ አውሮፕላን መሳይ ነገር አለ። ፎይል ይሉታል። ፍጥነት ሲያገኝ ክንፉ ውኃ ውስጥ እንዳለ ሰሌዳውን ከነጋላቢው ብድግ ያደርገዋል። አይኪውፎይል የተባለው ዓይነት በ2016ቱ (እ.ኤ.አ. 2024) የፓሪስ ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሜዳሊያ ቀርቧል። ውድድሩ የተካሄደው ማርሴይ ባሕር ላይ ነው። እኛ በማራቶኑ ታምራት ቶላን ስንጠብቅ ማን አይቶት!

ያውቁ ኖሯል? የኦሎምፒኩ ፎይል የፊት ክንፍ 900 ካሬ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ተኩል ኤ4 ወረቀት እንኳ አይሞላም። ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ በሚከንፍ ሚኒባስ መስኮት መዳፍዎን አውጥተው (ረዳቱ ካልተቆጣ) ፊቱን ትንሽ ቀና ቢያደርጉት እጅዎ ሽቅብ ይነሳል። የፎይልም ሥራ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ውኃ ከባሕር ዳርቻ አየር ከ800 እጥፍ በላይ የሚከብድ መሆኑ ነው። ያንኑ ኃይል በዚያው ፍጥነት ከአየር ለማግኘት ከ70 ካሬ ሜትር በላይ ክንፍ ያስፈልጋል። ጎንደርና ጅማ የሚመላለሰው ኪው 400 አውሮፕላን ክንፉ ከዚህ ያንሳል።

ያውቁ ኖሯል? ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ፎርላኒኒ በውኃ ክንፍ የምትነሳ ጀልባ ማጆሬ ሐይቅ ላይ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። የስልኩ አሌክሳንደር ግርሃም ቤልም ከባልደረባው ኬሲ ባልድዊን ጋር የሠራት ጀልባ በ1919 በሰዓት 114 ኪሎ ሜትር ሮጣለች።

ያውቁ ኖሯል? ፎይል ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። የደርግ ዘመን ባሕር ኃይላችን ቱሪያ የሚባሉ ሁለት የሶቪየት ቶርፔዶ ጀልባዎች ነበሩት፤ ሲፈጥኑ አፍንጫቸውን ከቀይ ባሕር በላይ የሚያነሳላቸው ፎይል ነበር።

ያውቁ ኖሯል? አቃቂ ቃሊቲ አጠገብም ሐይቅ አለ። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተገደበው አባ ሳሙኤል በሀገራችን ከመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። 6.6 ሜጋ ዋት ነበር ኃይሉ፤ ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2009 ዓ.ም. በቻይናውያን ታድሶ እንደገና ሥራ ጀምሯል። ለፎይል ጋላቢ ግን ቁም ነገሩ ከፍታው ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስለተኛ አየሩ ከማርሴይ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የውኃው ክብደት ግን ያው ነው። ስለዚህ ክንፉ አይራብም፤ የሚራበው ሸራው ነው። ማርሴይ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የሚሰጠውን ጉልበት አቃቂ ላይ ለማግኘት 22 ተኩል ያህል መንፈስ አለበት። ወይም ደግሞ የወንዶቹን 9 ካሬ ሜትር ሸራ ከ11 በላይ ማድረስ ነው፤ ያን የሚያክል ሸራ ከውኃ ውስጥ ጎትቶ ማቆም ደግሞ ለጀማሪ ቀላል ሥራ አይደለም።

ይኸው ስስ አየር ቦሌ ላይ አውሮፕላኖችን ረጅም መንደርደሪያ ያስጠይቃቸዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ለዓመታት መንገድ ላይ ነዳጅ እየሞላ፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የበረረበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ከቦሌ ሙሉ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ይከብዳል።

ያውቁ ኖሯል? ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ክንፉ የሚያነሳበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ደህና የተሸከመዎት ክንፍ 50 ላይ ሽቅብ ሊወረውርዎት ይቃጣዋል። የማስተካከሉ ጥበብ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ነፋሱ ሲደክም የሸራው ምሰሶ የተተከለበት እግር ሰሌዳው ላይ ባለው ቦይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሳባል፤ አፍንጫው ይቀልና ቶሎ ይነሳል። የሸራው መወጠሪያ ገመድም ላላ ይደረግና ሸራው ሆድ ያወጣል። ነፋሱ ሲያይል ግን ሁሉም ይገለበጣል፦ እግሩ ወደ ፊት ይገፋል፣ ገመዱ ይወጠራል፣ ሆዱ ይጠፋል፤ የሸራው ጫፍም ትርፉን ነፋስ እያፈሰሰ ያሳልፋል። ከሁሉም የሚያስገርመው የኋላው ክንፍ ነው። ከሥሩ የምትገባ ቀጭን ሽብልቅ አቅጣጫውን በግማሽ ዲግሪ ብታዛባው ጋላቢው ወዲያው በእግሩ ያውቀዋል።

ክንፉ ከውኃው በላይ ብቅ ካለ ደግሞ አየር ይስብና ማንሳቱን ወዲያው ያቆማል። ጋላቢው በአፍጢሙ ይደፋል። የራስ ቁር የሚደረገው ለዚህ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ፎይል ከነፋሱ ራሱ ሊፈጥን ይችላል። ውኃ ብዙም ስለማይዘው ሩጫው የራሱን ነፋስ ይፈጥርለታል፤ ድንገት ነፋስ ሲረግብ ልምድ ያለው ጋላቢ በዚያው ፍጥነት ተንሳፎ ይሻገረዋል። ጀማሪው ደንግጦ ሸራውን ይለቅና ውኃ ውስጥ ይወድቃል።

ያውቁ ኖሯል? አዲስ አበባ ውስጥ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው፤ ሽምብራ የቀቀለ ሁሉ ያውቀዋል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ደግሞ ክንፉ ጀርባ ላይ ግፊቱ በጣም ስለሚወርድ ቀዝቃዛው ውኃ እዚያው ይፈላል፤ አረፋው የክንፉን ኃይል ይሰርቀዋል። የአየሩ ግፊት አነስተኛ በሆነበት በአቃቂ ይህ ጣጣ ቀደም ብሎ ይመጣል።

ያውቁ ኖሯል? የጣና ታንኳ ሸራ የለውም፤ የሚሠራበት ደንገል ግን በሸራ አትላንቲክን ተሻግሯል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ራ እና ራ ሁለት የተባሉትን ጀልባዎች ያሠራው ከኢትዮጵያ ደንገል ነው። የመጀመሪያዋ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ባርቤዶስ ሳትደርስ ተበታተነች፤ ሁለተኛዋ በ1970 ከሞሮኮ ተነስታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ያውቁ ኖሯል? የነፋስ ነገር ከተነሳ አዳማ ቅርብ ነው። ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ የተተከሉት የሁለቱ አዳማ ጣቢያዎች ተርባይኖች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ የአባ ሳሙኤልን ከ30 እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ያውቁ ኖሯል? አባ ሳሙኤል ላይ ፎይልን የሚያስቸግረው ከነፋስ ይልቅ እንቦጭ ነው። እንቦጭ በሀገራችን መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ላይ ሲሆን አባ ሳሙኤልንም አልማረውም። ተራ ጀልባ እንደምንም ገፍቶት ያልፋል። ፎይል ግን ቋሚው እንደ መቁረጫ ውኃ ውስጥ ገብቶ ስለሚሄድ ሥሩን እየሰበሰበ ይጓዛል፤ አንዲት ክር ክንፉ ላይ ከተጠመጠመች ማንሳቱ ይበላሻል። ከወደቁ ደግሞ የሚወድቁት የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸክሞ በሚመጣው አቃቂ ውስጥ ነው፤ ፎይል የሚማር ሰው ደግሞ ሳይወድቅ አይውልም።