በዝርያ ስም የማይታይ ልዩነት

ካምፓይሎባክተር ጄጁኒ በደንብ ባልበሰለ የዶሮ ሥጋና ባልፈላ ወተት የሚተላለፍ ባክቴሪያ ሲሆን፣ በሰገራ ምርመራ ጊዜ ኦክስጅን በተቀነሰበት አየርና በ42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት አድጎ ከተገኘ፣ የዝርያው ስም በውጤት ወረቀቱ ላይ ይሰፍርና የላቦራቶሪው ሥራ በዚያው ያበቃል። ተቅማጡን ለማከም ይህ በቂ ነው። ይሁን እንጂ ከሺህ ታማሚዎች በአንዱ ገደማ ላይ፣ ተቅማጡ ከጀመረ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ጊላን ባሬ የተባለው ሕመም ይከሠታል፤ ይህም የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቮች የሚያጠቃበት፣ እግርና እጅን የሚያዝል፣ ሲበረታም የመተንፈሻ ጡንቻዎችን የሚያሽመደምድ ሕመም ነው።

የዝርያው ስም ይህን አደጋ አያመለክትም፤ ምክንያቱም ወሳኙ ልዩነት ያለው በዝርያው ውስጥ ባሉት ዘሮች መካከል ነው። በባክቴሪያው ሽፋን ላይ ሊፖኦሊጎሳካራይድ የሚባል፣ ከስኳርና ከቅባት የተጣመረ ሞለኪውል አለ። ይህን ሞለኪውል ከሚሠሩት ዘረመሎች መካከል ሳያሊክ አሲድ የተባለውን ስኳር የሚያያይዙት ያሏቸው ዘሮች፣ በሰው ነርቭ ላይ የሚገኙትን ጋንግሊዮሳይዶች የሚመስል ጫፍ ሊሠሩ ስለሚችሉ፣ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተመረቱት አንቲቦዲዎች ነርቩንም እንደ ጠላት ያያሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው የልዩነቱ ማነስ ነው፤ ሲኤስቲ ሁለት በተባለው ኢንዛይም 51ኛ ቦታ ላይ ትሪዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ሲገኝ ወደ እጅና እግር ድካም የሚያመሩ ቅርጾች ይሠራሉ፤ በዚያው ቦታ አስፓራጂን ሲተካ ግን ኢንዛይሙ ሁለተኛ ሳያሊክ አሲድ መጨመር ስለሚችል፣ ዓይንን ከመንቀሳቀስ የሚያግደውና ሚዛን የሚያሳጣው የሚለር ፊሸር ሕመም ይበዛል።

በእርግጥ ዘረመሉ ብቻውን አይፈርድም፤ በአንድ ዘር ተይዘው ነርቫቸው ምንም ሳይሆን የሚድኑ ብዙዎች ስለሆኑ፣ ተቅማጥ የያዘውን ሁሉ ማስፈራራት ተገቢ አይደለም። በጃፓን ከሕመሙ ጋር ተደጋግሞ የታየው ኤችኤስ 19 የተባለው ዓይነት ሲሆን በኬፕታውን ግን ኤችኤስ 41 ነው፤ ስለዚህ የአንዱን አገር መረጃ ለሌላው ማዋል ያሳስታል።

ሽባነቱ ሲጀምር ባክቴሪያው ብዙውን ጊዜ ከአንጀት ጠፍቷል፤ የደም ምርመራም መያዙን እንጂ ዘሩን አይነግርም። ዘሩን ለይቶ ለማወቅ የሚያስችለው በተቅማጡ ጊዜ ያደገው ባክቴሪያ ስለሆነ፣ ውጤቱ እንደተጻፈ ከመጣል ይልቅ በግሊሰሮል ተደርጎ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ለጥቂት ወራት ቢቀመጥ፣ የነርቭ ሐኪሙ ሲጠይቅ የሚመረመር ነገር ይኖራል።